በአዲስ አበባ ዙሪያ የአንድ ቀን ጉዞ

አገር እንይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ላሊበላን ወይም የሰሜን ተራሮችን ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ገጠሩ ደጁ ላይ ነው። በማለዳ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ ወደ ሰሜን የወረደ መንገደኛ የሱሉልታን ሜዳ ያገኛል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ሯጮቻችን ገና ጎህ ሲቀድ እዚያ የሚለማመዱትም ለዚህ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ታጭዶ ይከመራል። የአዲስ አበባ የወተት ላሞች የሚበሉት ድርቆሽ ይህ ነው፤ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል።

በምዕራብ በኩል ቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ ግድብ አለ። ከቧንቧችን የምንቀዳው ውኃ ከፊሉ ከዚህ ይመጣል።

ቀኑን ሙሉ ሊሰጡት የሚገባው ግን በሰበታ በኩል የሚገባበት፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ያረጀ ጽድ ግንድ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ቅርፊቱ እንደ ቃጫ በቀጭን በቀጭኑ ይላጣል። ቀና ብላችሁ ዝም ካላችሁ ጉሬዛ ነጭ ጅራቱን አንጠልጥሎ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ታያላችሁ። ድኩላም አለ፤ እሱ ግን ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል። ከሰዓት በኋላ ብርዱ ቶሎ ስለሚወርድ ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ።