ሰባትና ሰባ፤ ስለ ስማርት ስልክ የድምፅ ጥራት



ንግድ ከጥንት ጀምሮ በቃል የሚጀመርና በጽሑፍ የሚጸና ሥራ ነው። በዛሬው ጊዜ ደግሞ በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በግምቢቹ፣ በጃጁራ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገናና በሽንሽቾ ያለው ነጋዴ ዕቃ የሚያዘውም ዋጋ የሚጠይቀውም በኪሱ በያዘው ስማርት ስልክ ነው። ከመርካቶ አስመጪዎች ጋር የሚደረገው የዋጋ ክርክር፣ ከመኪና ባለቤቶች ጋር የሚደረገው የጭነት ስምምነት፣ ደቡብ አፍሪካ ከሚኖሩት ወንድሞቻችንና ልጆቻችን ጋር የሚደረገው ምክክር ሁሉ በዚሁ መሣሪያ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የስልክ ድምፅ መጥራትና መደብዘዝ የጨዋታ ነገር ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገዛ እጄ የደረሰ ስሕተት ነው። በአንድ የጅምላ ንግድ ቤት በጸሓፊነት ስሠራ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ደንበኛችን ከገጠር ከተማ ደውሎ ዱቄት አዘዘ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ ስልኩ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በላውድ ስፒከር ይናገራል፤ እኔም ሌላ ደረሰኝ እየጻፍሁ ነበር። ደንበኛው «ሰባት ኩንታል» አለ፤ እኔ ግን «ሰባ ኩንታል» ብዬ መዘገብሁ። ሐዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ለማክበር የሚሸምትበት ሰሞን ስለ ነበረ ብዛቱ አላስደነቀኝም። አይሱዙው ሰባውን ኩንታል ጭኖ ሄደ፤ ደንበኛው ሰባቱን ብቻ ተቀበለ፤ ስድሳ ሦስቱ ተመለሰ። በመልሱም መንገድ ሸራው በደንብ ያልሸፈነው ጆንያ በዝናብ ረጠበ፤ የደርሶ መልሱንም የጭነት ዋጋ ቤቱ ከፈለ። ያ ሁሉ ኪሳራ የመጣው ከአንዲት «ት» መጥፋት ነው።

ስለምን አንዱ ቃል ሌላውን ይመስላል?

በቋንቋችን ያሉት ቍጥሮች ለስልክ የሚያስቸግሩ ናቸው። አምስትና አምሳ፣ ስድስትና ስድሳ፣ ዘጠኝና ዘጠና የሚለያዩት በመጨረሻቸው ነው። ሰባትና ሰባ ደግሞ የሚለያዩት በ«ት» ብቻ ነው። ይህች «ት» እጅግ አጭርና ደካማ ድምፅ ስለ ሆነች፣ ጫጫታ ሲኖር መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት።

ሁለተኛው ምክንያት ከስልኩ አሠራር የመጣ ነው። የጤናማ ወጣት ጆሮ በአንድ ሴኮንድ ከ20 ጀምሮ እስከ 20,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ይሰማል። የተለመደው የስልክ ጥሪ ግን የሚያሳልፈው በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ብቻ ነው። ንግግርን ለመረዳት ይህ ይበቃል ተብሎ የተወሰነ ልክ ነው። ነገር ግን የ«ስ» ፉጨት አብዛኛው ኀይሉ ከዚህ ልክ በላይ ስለሚገኝ ተቈርጦ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ «ስ»ን ከ«ፍ» ለይቶ መስማት አስቸጋሪ ይሆናል። የከብት ነጋዴ «በሬው ፋፍቷል» ቢል፣ ገዢው «በሬው ሳስቷል» ብሎ ሊሰማ ይችላል። የሁለቱን ዋጋ ልዩነት ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ጩኸት ጥራት አይደለም

ድምፅ ሲደበዝዝበት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ሁለት ነው፤ እርሱም መጮኽና የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ነው። ሁለቱም መድኀኒት አይደሉም። ሰው ሲጮኽ በይበልጥ የሚያድገው እንደ «አ» ያለው ክፍት ድምፅ ነው እንጂ፣ «ት»ና «ስ» በዚያው መጠን አያድጉም። እንዲያውም ይዋጣሉ። የስልኩም ስፒከር እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ይንቀጠቀጣል፤ የሚወጣውም ድምፅ የተሰነጠቀ ይሆናል። ስልኩን በብርጭቆ ውስጥ ማስቀመጥም ድምፁን ያጐላል፤ ቃሉን ግን አያጠራውም። የሚሻለው መንገድ ድምፁን ከማጕላት ይልቅ የሚያደበዝዘውን ነገር ማስወገድ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝረውም አብዛኛው ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ ነው።

አንደኛ፤ ቀዳዳዎቹን ስለ መጠበቅ። በስልኩ ግርጌ የምትገኘው ትንሽ ቀዳዳ የማይክሮፎኑ መግቢያ ናት። በብዙ ስልኮች ላይ ሁለተኛ ማይክሮፎን በራስጌው ወይም በጀርባው በካሜራው አጠገብ ይገኛል። ሥራውም የአካባቢውን ጫጫታ እየሰማ፣ ጫጫታው ከንግግሩ ላይ እንዲቀነስ ማገዝ ነው። በመጠኑ የማይስማማ ከቨር እነዚህን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ያለ ልክ የተለጠፈ የስክሪን መስታወትም የጆሮውን ስፒከር ይሸፍናል። ስለዚህ ድምፅ ሲደበዝዝ አስቀድሞ ከቨሩን አውጥቶ መሞከር ነው። በንግድ ቤቶቻችን የዱቄት፣ የበርበሬና የሲሚንቶ ብናኝ ስለማይጠፋ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አዘንብሎ፣ በለስላሳና በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይገባል። በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ያስገባል። ከሁሉ የከፋው ግን መርፌ ወይም የሲም ካርድ ማውጫውን ሽቦ በማይክሮፎኑ ቀዳዳ መስደድ ነው፤ ከቀዳዳው በስተጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ሲበሳ ማይክሮፎኑ ይበላሻል።

ሁለተኛ፤ ስለ ርቀት። ከአፍ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ የነበረው ስልክ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቢቀርብ፣ ወደ ማይክሮፎኑ የሚደርሰው የድምፅ ኀይል ወደ አራት እጥፍ ያህል ያድጋል። የዝናቡ ድምፅ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ከመጮኽ ይልቅ መቅረብ ይጠቅማል። ትእዛዝ ስንቀበል ላውዱን ዘግቶ ስልኩን በጆሮ መያዝ፣ በምንይዝበትም ጊዜ ግርጌውን በመዳፍ አለመሸፈን ነው። እኔ በዚያ ቀን ይህን ብቻ ባደርግ ኖሮ «ት»ዋ ትሰማኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ስፍራው። በሲሚንቶ በተለሰነና ቆርቆሮ በለበሰ ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል። «ሰባት» ሲባል የ«ባ» ድምፅ ተመልሶ መጥቶ ተከታዩን «ት» ይሸፍነዋል። በአንጻሩ ጨርቅ፣ ምንጣፍና ጆንያ ድምፅን ይውጣሉ። እህል በጆንያ የተደረደረበት መጋዘን፣ ዝናብ ከሌለ፣ ለስልክ ንግግር ከባዶው ቢሮ ይሻላል። በመንገድ ዳር ስንናገር ደግሞ ለባጃጅና ለመኪና ጩኸት ጀርባን መስጠት፣ ማይክሮፎኑንም ከነፋስ መከለል ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ ስለ መረቡ። በ4ጂ መረብ ላይ የሚደረገው ቮልቲኢ የሚባለው የድምፅ ጥሪ በሴኮንድ እስከ 7,000 ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ማሳለፍ ይችላል። በእንዲህ ያለው ጥሪ የ«ስ» ፉጨት በይበልጥ ይሰማል። ይህ እንዲሆን ግን የደዋዩም የተቀባዩም ስልክ፣ እንዲሁም መረቡ፣ ሁሉም አገልግሎቱን የሚችሉ መሆን አለባቸው። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቮልቲኢ የሚል ምርጫ ካለ ከፍቶ መሞከር ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ብሉቱዝ። በብሉቱዝ ኤርፎን ሙዚቃ ሲሰማ ጥሩ የነበረው ድምፅ፣ ጥሪ ሲመጣ ድንገት እንደሚጠብ ብዙዎቻችን አይተናል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ማይክሮፎኑም በዚያው ጠባብ የሬዲዮ መንገድ መላክ ስላለበት፣ ብዙ ኤርፎኖች ለጥሪ ሲሆን ወደ ዝቅተኛ የድምፅ ልክ ይወርዳሉ። ለትእዛዝና ለዋጋ ንግግር ባለ ገመዱ ኤርፎን፣ ወይም ራሱ ስልኩ፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ስድስተኛ፤ ስለ ድምፅ መልእክት። መረቡ ሲደክም የቀጥታ ጥሪ ይቈራረጣል፤ የጠፋውም ቃል ተመልሶ አይመጣም። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚላክ የድምፅ መልእክት ግን አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ተቀድቶ በኋላ የሚላክ ስለ ሆነ፣ የመረቡ ድካም ያዘገየዋል እንጂ ቃሉን አይቈርጠውም። ከዚህም በላይ ደጋግሞ ለመስማት ይቻላል። ደቡብ አፍሪካ ካሉት ቤተ ሰቦች ጋር ስለ ገንዘብና ስለ ዕቃ ለሚነጋገሩ ይህ መንገድ እጅግ ይጠቅማል።

ለአስመጪዎችና ለስልክ መደብሮች

የስልክ ዕቃ የሚያስመጡና የሚሸጡ ወንድሞችና እኅቶችም ጥቂት ነገር ቢጠነቀቁ ደንበኛ አይመለስባቸውም። ባለ ገመድ ኤርፎን በክቡ ሶኬት ላይ ያሉት ቀለበቶች ሁለት ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ማይክሮፎን የለውም፤ ሦስት ከሆኑ ግን አለው። ክብ ቀዳዳ ለሌላቸው ስልኮች የሚመጣው የታይፕ ሲ አስማሚም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በውስጡ የድምፅ መለወጫ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። የሌለው አስማሚ በአንዳንድ ስልክ ላይ ይሠራል፤ በሌላው ላይ ዝም ይላል። ስለዚህ ብዙ ከማዘዝ በፊት በልዩ ልዩ ስልኮች መፈተን ብልኅነት ነው። ያገለገለ ስልክ ሲገዛም ድምፅ ቀድቶ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ቪዲዮ ቀድቶ ማዳመጥ ይገባል፤ ስልኩ ለቪዲዮ የሚጠቀምበት ማይክሮፎን ሌላው ሊሆን ስለሚችል፣ በአንደኛው ፈተና ያልታየው ጕድለት በሁለተኛው ይገለጣል።

ቀኑን ሙሉ ኤርፎን በጆሯቸው ለሚሰኩም አንድ ቃል እንጨምራለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው የሚመክረው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ ማዳመጥ ነው። በኢኳላይዘር የወፍራሙን ድምፅ ልክ ዝቅ ማድረግ ንግግር ሳይጮኽ እንዲሰማ ይረዳል። ጆሮ ከደከመ በኋላ የትኛውም ውድ ስልክ አይተካውም።

የቍጥር አነጋገር

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ድምፅ ሊጠፋ ይችላል። በዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ሬዲዮ ንግግር የእንግሊዝኛው «ፋይቭ»ና «ናይን» እንዳይምታቱ፣ ዘጠኝን «ናይነር»፣ አምስትንም «ፋይፍ» ብለው እንዲጠሩ ተደንግጓል። በነዚያ ሰዎች እጅ ያለው ነፍስ ነው፤ በኛ እጅ ያለው የሰው ንብረት ነው። ሁለቱም ዐደራ ናቸው።

ያ ዱቄት ያዘዘው ደንበኛችን ከዚያ ወዲህ ያለ ማንም አስተማሪ የራሱን ደንብ አውጥቷል። ሰባት ሲፈልግ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» ብሎ ይቈጥራል፤ ሰባ ሲፈልግ «አምሳ፣ ስድሳ፣ ሰባ» ይላል። እንዲህ ሲባል አንዱ ቃል ቢጠፋ እንኳ ጓደኞቹ ይመሰክሩለታል። እኔም በበኩሌ የሰማሁትን መልሼ እነግረዋለሁ፤ ቀጥሎም ብዛቱንና ዋጋውን በአኃዝ ጽፌ በአጭር መልእክት እልክለታለሁ፤ እርሱ «ልክ ነው» ብሎ ካልመለሰ በቀር መኪና አይጫንም።

እንግዲህ ነጋዴዎቻችን ውድ ስልክ ከመግዛታቸው በፊት ያላቸውን ስልክ እንዲያጸዱ፣ ከመጮኽ በፊት ወደ ማይክሮፎኑ እንዲቀርቡ፣ ከመጫን በፊት ቍጥሩን መልሰው እንዲጠይቁ በአክብሮት እናሳስባለን። ቃሉ በደንብ የተሰማ ነጋዴ ሒሳቡም ጥሩ ይሆናል።