ማርቼዲስ ሽንኩርት ስትጭን፦ አሮጌ የቅንጦት መኪና ያዋጣል?

ቤታችን ያለችው መኪና ከእኔ ትበልጣለች። እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ እሷ 37። ማርቼዲስ 190 ናት፤ ነጭ፣ ቤንዚን፣ ባለ 2 ሺህ ሲሲ። በቅርቡ አንድ የሶማሌ ተራ ነጋዴ 950 ሺህ ብር ሰጠን። ጥሩ ገንዘብ ነው። ችግሩ ሰውዬው የሚገዛት ሊነዳት አይደለም፤ ሊፈታት ነው። ሊነዳት የፈለገ ሌላ ገዢ ደግሞ ከ850 ሺህ ንቅንቅ አላለም። በአጭሩ መኪናችን ቆማ ከምትሄድበት ይልቅ ሞታ 100 ሺህ ብር ትበልጣለች።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቶ ዝም ብሎ አይተኛም። ደብተር አወጣሁ። እናንተም ሒሳቡን ብታዩት አይከፋም፤ ምክንያቱም ስልካችሁ ላይ የመኪና ሽያጭ ቻናል ስታገላብጡ “ኧረ ከቪትዝ ባነሰ ዋጋ ማርቼዲስ አለ እኮ!” ያላችሁበት ቀን እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ።

ከሠርግ መኪና ወደ ሽንኩርት መኪና

አባዬ አትክልት ተራ የሽንኩርትና የቲማቲም አከፋፋይ ነበር። መኪናዋን በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዛት። ሠፈሩ ሳቀበት፤ ሽንኩርት ሻጭ በማርቼዲስ! እዚህ አገር መኪና ማዕረግ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር፤ ይኸው ከ50 ዓመት በኋላም ሰው ያቺን ቮልስ አንሥቶ አይጠግብም። ማን በምን መኪና እንደሄደ የምንቆጥር ሕዝብ ነን። አባዬም ያውቀው ነበር መሰለኝ፣ መኪናዋን የሚያወጣት ለበዓልና ለሠርግ ብቻ ነበር።

ከዚያ 2012 መጣ። በኮሮና ምክንያት በፒያሳና በመርካቶ መሀል የነበረው አትክልት ተራ መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ስሙ ግን አብሮ አልሄደም፤ ዛሬም የድሮውን ቦታ አትክልት ተራ ነው የምንለው። ቤታችንም አልሄደም። እማዬ በእግሯ አምስት ደቂቃ የምትደርስበት ሥራ ደርሶ መልስ 25 ኪሎ ሜትር ሆነ። የጅምላ ገበያ ሌሊት ነው የሚጀምረው፤ 11 ሰዓት ላይ እዚያ ካልደረሰች ጥሩው ሽንኩርት አልቋል። አባዬ ደግሞ በዚያው ዓመት አረፈ። ስለዚህ ቁልፉ ወደ እኔ መጣ፣ የሠርግ መኪናዋም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምትሠራ ሠራተኛ ሆነች። የኋላ ወንበሯ ላይ ሸራ አንጥፈን ሁለት ጆንያ እንጭናለን። ከገባሁ ጀምሮ እስካሁን የሽንኩርት ሽታው አልለቀቃትም፤ እኔም መታገሌን ትቻለሁ።

ለምን ዋጋዋ አይወርድም?

በሌላው ዓለም የቅንጦት መኪና ዋጋው ቶሎ የሚወድቅ ዕቃ ነው። ዛሬ በውድ ትገዛለህ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግማሹን እንኳ አታገኝም። እዚህ ግን ሦስት ነገሮች ተደራረቡ።

አንደኛ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ። አዋጁ ታክሱን ከሞተሩ ጉልበትና ከመኪናው ዕድሜ ጋር አያያዘው፤ ያገለገለ አሮጌ መኪና ሲገባ እስከ 500 በመቶ ተጣለበት። ከዚያ ወዲያ አሮጌ ማርቼዲስ ከውጭ ማስገባት ቀልድ ሆነ። ሁለተኛ፣ በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ሦስተኛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ።

ይህ ሁሉ ሲደመር አቅርቦቱ ተቆለፈ ማለት ነው። አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ያው ያለው ነው፤ አዲስ አይጨመርበትም። ስለዚህ መኪና መጓጓዣ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ብር የሚቀመጥበት ዕቃ ሆነ።

“ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም?” ትሉኛላችሁ። መንግሥት በ2014 ኤሌክትሪክ መኪናን ከቫትና ከኤክሳይዝ ነፃ አድርጎት ነበር፤ ተገጣጥሞ ያለቀው ይከፍል የነበረው ቀረጥ 15 በመቶ ነበር። ጥሩ ነው። ግን የእማዬ ካፒታል ሁሉ ተሰብስቦ እንኳ አንድ አይገዛም። ቢገዛስ? ግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ነው። ማታ መኪና ሻርጅ ላድርግ ብል ጎረቤት እንጀራ መጋገሩን ያቆማል።

ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጣሊያንኛ ሳይማር ጣሊያንኛ ይናገራል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፈኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ። የጀርመን መኪና በጣሊያንኛ እየጠሩ፣ በአማርኛ እየተከራከሩ፣ በመርካቶ ዕቃ መጠገን የአዲስ አበባ ጥበብ ነው።

የእኛ መካኒክ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ኮፈኖውን ከፍተው “ይቺን የሠራት ሰው፣ አንድ ቀን መካኒክ እጁን እንደሚያስገባ አስቦ ነው የሠራት” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 190 እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1993 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በዚያን ጊዜ የማርቼዲስ መሐንዲሶች የሚታወቁት ዕቃው እንዲቆይ አድርገው በመሥራት ነበር። አንድ የግሪክ ታክሲ ነጂ እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራች ማርቼዲሱን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቷታል፤ ዛሬ ፋብሪካው በሙዚየም አስቀምጧታል።

የአዲስ አበባ አየርም ይረዳል። አውሮፓ ውስጥ እነዚህን መኪናዎች የገደላቸው ሞተር አይደለም፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ላሜራውን በልቶት ነው። እዚህ ጨው የለም። በሌላ በኩል ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ሽቅብ ስትወጡ ማርቼዲሷ እንደ ሽማግሌ ብትተነፍስ አትፍረዱባት።

ዕቃ ፍለጋው ሶማሌ ተራ ነው። ነጋዴው “ኦሪጅናል ነው ኮፒ?” ብሎ ይጀምራል። ኮፒው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ኦሪጅናሉ ከተፈታ መኪና የወጣ ነው፤ ቆሻሻ ነው፣ ውድ ነው፣ ግን ይሠራል። ለፍሬንና ለመሪ ኮፒ ገዝቼ አላውቅም። ሁለቱም የሌለ እንደሆነ ቶርኖ ቤት ይኬዳል፤ የጎደለችውን ቡሽ ከብረት ቀርጸው ያወጡላችኋል። ዕድሜ ለእነሱ።

አሁን ወደ ሒሳቡ

መኪናዋ ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። 25 ኪሎ ሜትር ማለት በቀን 3 ሊትር ነው። በ2014 ክረምት ቤንዚን በሊትር 47.83 ብር ነበር፤ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101.47 ደረሰ። በዚህ ዋጋ የቀኑ 304 ብር፣ የወሩ 26 የሥራ ቀን 7,915 ብር ይመጣል። ቴሌብሩ “ክፍያዎ ተፈጽሟል” ሲል ልቤ አብሮ ይፈጸማል።

የዓመቱ ጥገና ከደብተሬ ይኸውና፦

ዘይትና ፊልትሮ ሦስት ጊዜ፣ 18 ሺህ። የፍሬን ሸራና የፊት ቡሾች፣ 16 ሺህ። ሁለት ጎማ፣ 24 ሺህ። ባትሪ፣ 14 ሺህ። ራዲያተርና የውሃ ፓምፕ፣ 15 ሺህ። የመካኒክና የኤሌክትሪሺያን እጅ፣ 17 ሺህ። ቦሎ፣ ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን፣ 8 ሺህ። ድምር 112 ሺህ ብር፤ በወር 9,333።

ከቤንዚኑ ጋር በወር 17,248 ብር ሆነ። መኪናው ባይኖርስ? በዚያ ሌሊት እማዬን የሚያደርሳት የስልክ ታክሲ ነው፤ ስንሞክረው በአንድ ጉዞ ከ400 ብር አያንስም ነበር። ደርሶ መልስ በወር 20,800። ስለዚህ መኪናዋ በወር 3,552 ብር ታተርፋለች። እልል!

ቆይ፣ አልጨረስኩም። መምህሮቻችን በየፈተናው የሚጠይቁን አንድ ነገር አለ፤ ኦፖርቹኒቲ ኮስት። በአማርኛው፣ ይሄን በመያዝህ የቀረብህ ምንድን ነው? መኪናዋን በ950 ሺህ ሸጬ ብሩን በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ባስቀምጠው በዓመት 66,500፣ በወር 5,542 ብር አገኛለሁ። ይሄ ሲጨመር መኪናዋ በወር ወደ 2,000 ብር ገደማ ታከስራለች። በወረቀት ላይ ሽጡ ነው መልሱ።

ብርና ቲማቲም

ይህን ሒሳብ ለእማዬ ሳነብላት እጇን እየጠረገች አዳመጠችኝ። ከዚያ “ልጄ፣ ብር ሲቀመጥ እኮ እንደ ቲማቲም ነው” አለች። ይበላሻል ማለቷ ነው። እኔ አራት ዓመት የተማርኩትን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። የኑሮ ውድነቱ ከ7 በመቶ በላይ እስከሮጠ ድረስ ባንክ ያለው 950 ሺህ በየዓመቱ ይቀልላል፤ መኪናዋ ግን ቆማም ቢሆን ከዋጋው ጋር ትሮጣለች። ያሰላሁት ወለድ እውነተኛ ትርፍ አልነበረም።

ሞታ ለምን እንደምትበልጥም ያኔ ነው የገባኝ። አንድ ማርቼዲስ ስትፈታ ለአንድ ሰው አይደለም የምትሸጠው። አንዱ ካምቢዮዋን፣ አንዱ በሯን፣ ሌላው የፊት መብራቷን ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ደግሞ መኪናው ቆሞበት የጨነቀው ሰው ነው፣ የተጠራውን ይከፍላል። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። ራዲያተሬ የመጣው ሌላ ቦታ ከሞተች አንዲት 190 ነው። የአንዱ መኪና ሞት ለሌላው ዕድሜ ነው። ግን ሁሉም ከፈታ፣ አንድ ቀን ዕቃውን የሚፈልግም ዕቃው የሚፈልግለትም መኪና አይኖርም። ጋሼና ከሥራቸው ያሉት ሁለት ልጆች የያዙት ሙያም አብሮ ይሄዳል።

አልሸጥናትም። ግን በስሜት አይደለም፤ ሕግ አወጣን። በየስድስት ወሩ ደብተሩን እንከፍታለን። የወሩ ጠቅላላ ወጪ ከታክሲው ከበለጠ፣ ወይም ጋሼ “ፍሬኗን ወይም መሪዋን አላምነውም” ካሉ፣ በዚያው ሳምንት ትሸጣለች። እማዬን ሌሊት የምታደርስ መኪና ትዝታ ስለሆነች ብቻ መንገድ ላይ አትወጣም። አባዬም ይህን የሚቃወም አይመስለኝም፤ እሱ የበሰበሰ ዕቃ በርኅራኄ የማይዝ ነጋዴ ነበር።

ልትገዙ ካሰባችሁ

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት “የሎሚዎች ገበያ” የሚል ጥናት ጻፈ፤ በ2001 ኖቤል ተጋርቶበታል። አሜሪካኖች ከገዙት በኋላ ጉዱ የሚወጣ መኪና ሎሚ ይሉታል። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ ሎሚው ብቻ ይቀራል።

እማዬ አከርሎፍን አታውቅም፤ መድኃኒቱን ግን ታውቃለች። ጆንያ ሽንኩርት ስትገዛ ከላይ ያለውን አታይም፣ ከሥር ትዘረግፋለች። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ፤ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ አትጨቃጨቁ፣ ወደ ቤት። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ያላችሁን ብር ሁሉ አትክፈሉ፤ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀሩ፣ ምክንያቱም የቀድሞው ባለቤት የሸጣት ጥገናው ሲመጣበት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ መኪና ሳይሆን መካኒክ ፈልጉ። በዚያች ሞዴል ላይ ያረጀ ሰው ካገኛችሁ እሱ “ግዙ” እስኪል ጠብቁ። ካላገኛችሁ ግን ኮከቧ ኮፈኖ ላይ ስታብረቀርቅ አትዩ፤ ቪትዙን ግዙ።