ባርኮድ ስለሚባለው ምልክት

ከሱቅ በሚገዛው በሳሙናው፥ በብስኩቱና በመድኃኒቱ መያዣ ላይ ቀጭንና ወፍራም ጥቁር መሥመሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከሥራቸውም ቍጥር ተጽፏል። ይህ ምልክት ባርኮድ ይባላል። ብዙ ሰው ዘወትር በእጁ ይይዘዋል፤ ምን እንደሚናገር ጠይቆ የተረዳው ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ ዋጋው በመሥመሮቹ ውስጥ የተጻፈ ይመስለዋል፤ ሌላውም ዕቃው ከየት አገር እንደ መጣና ደኅና መሆኑን የሚመሰክር ማኅተም ነው ይላል። እንዲህ ያለው ስሕተት ገዢውን ስለሚጎዳው፥ የምልክቱን ሥራና ወሰን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

የነገሩ መነሻ በአሜሪካ አገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. አንድ የምግብ መደብሮች አለቃ በፊላደልፊያ ከተማ ወዳለው ድሬክሰል ወደሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሄዶ፥ የተሸጠውን ዕቃ ዓይነት ራሱ የሚያነብ መሣሪያ እንዲፈለግለት ለመነ። በርናርድ ሲልቨር የተባለው ሰው ይህን ልመና ሰምቶ ለወዳጁ ለኖርማን ጆሴፍ ውድላንድ ነገረው። ውድላንድም በልጅነቱ የተማረውን የቴሌግራፍ ነጥብና ሰረዝ እያሰበ በባሕር ዳር ተቀምጦ ሳለ፥ ጣቶቹን በአሸዋው ላይ ወደ ራሱ ቢስብ ነጥብና ሰረዙ ረዝመው ቀጭንና ወፍራም መሥመር ሆኑ። ሁለቱ ወዳጆች የፈጠራ መብታቸውን በ1952 ዓ.ም. ተቀበሉ። ነገር ግን በዚያ ዘመን መሥመሩን በርካሽ የሚያነብ መሣሪያ ስላልነበረ ሐሳቡ ብዙ ዓመት ቆየ። በኋላም ጆርጅ ሎረር የተባለው መሐንዲስ ያዘጋጀው ንድፍ በ1973 ዓ.ም. ተመረጠ፤ በማግሥቱም ዓመት፥ በ1974 ዓ.ም. ሰኔ ወር፥ ኦሃዮ በሚባለው ግዛት በትሮይ ከተማ አንድ እሽግ ማስቲካ በዚህ ምልክት ተነቦ ተሸጠ።

የአነባበቡ ዘዴ እንዲህ ነው። መሣሪያው በምልክቱ ላይ ብርሃን ይጥላል። ጥቁሩ መሥመር ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ነጩ ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። መሣሪያው የተመለሰውንና ያልተመለሰውን ብርሃን እየለየ የመሥመሮቹን ውፍረት ያውቃል፤ ከውፍረታቸውም ቍጥሩን ያወጣል። በብዙ አገር የተለመደው ምልክት ባለ 13 አኃዝ ነው።

እንግዲህ ባርኮድ የሚናገረው ቍጥርን ብቻ ነው። ቍጥሩም የዕቃው ስም ነው፤ ዋጋው ግን በፋብሪካ በታተመው ምልክት ውስጥ አይገኝም። መሣሪያው ቍጥሩን ለመደብሩ ኮምፒዩተር ያስረክባል፤ ኮምፒዩተሩም በመዝገቡ ውስጥ ከዚያ ቍጥር ጎን የተጻፈውን ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ አንዱ ሳሙና በሁለት ሱቅ ሁለት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በመደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ተለውጦ መዝገቡ ሳይታረም ቢቀርም ገዢው የማይገባውን ይከፍላል፤ ደረሰኙን አይቶ ማመሳከር የእርሱ ፈንታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞችም ዕቃው የተሠራበትን አገር አያመለክቱም። ጂ ኤስ ዋን የሚባለው ማኅበር በየአገሩ ባሉት ቢሮዎች አማካይነት ለነጋዴዎች ቍጥር ያድላል፤ አኃዞቹ የሚያሳዩት ቍጥሩ በየትኛው ቢሮ እንደ ተሰጠ ነው። ከ400 እስከ 440 ባለው የሚጀምር ቍጥር በጀርመን አገር የተሰጠ ነው፤ ባለቤቱ ግን ዕቃውን በሌላ አገር አሠርቶ ሊሆን ይችላል።

አበው ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ይህ ስም ግን በመዝገብ ተራ የወጣ ስለ ሆነ የዕቃውን ጠባይ አይገልጽም። የተበላሸው ምግብና ደኅናው ምግብ፥ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና ትናንት የመጣው መድኃኒት አንድ ቍጥር ይይዛሉ። አስመሳይ ነጋዴም መሥመሮቹን ቀድቶ ሊያትማቸው ይችላል።

ሆኖም በቍጥሩ ውስጥ ለልጆች የሚጠቅም መልካም ጥበብ አለ። የመጨረሻው አኃዝ የሌሎቹ መርማሪ ሆኖ ተቀምጧል። መምህሩ 4006381333931 የሚለውን ቍጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከግራ ተቆጥሮ 1ኛው፥ 3ኛው፥ 5ኛው እያለ እስከ 11ኛው ያሉት ሲደመሩ 20 ይሆናሉ። 2ኛው፥ 4ኛው፥ 6ኛው እያለ እስከ 12ኛው ያሉት ሲደመሩ 23 ናቸው፤ በ3 ሲባዙ 69 ይሆናሉ። 20 እና 69 ሲደመሩ 89 ነው። ወደሚቀጥለው ሙሉ ዐሥር፥ ማለት ወደ 90 ለመድረስ 1 ይጎድላል፤ የመጨረሻውም አኃዝ 1 ነው። ምልክቱ ተፍቆ ሻጩ ቍጥሩን በእጁ ሲጽፍ በ6 ፈንታ 9 ቢያገባ፥ ድምሩ 98 ይሆንና የሚጎድለው 2 ይሆናል፤ መጨረሻው ግን 1 ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩ ስሕተቱን ዐውቆ አይቀበለውም። ተማሪዎችም ከየቤታቸው ባዶ ካርቶን አምጥተው እንዲሁ ቢመረምሩ፥ መደመርንና ማባዛትን ከጥቅሙ ጋር ይማራሉ።

መርማሪው አኃዝ የሚጠብቀው ግን የቍጥሩን አጻጻፍ ብቻ ነው። የዕቃውን ደኅንነት መመርመር ለሰው የተተወ ሥራ ነው። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ሰው ዕቃ ሲገዛ ከመሥመሮቹ አልፎ የማብቂያውን ቀን፥ የተሠራበትን አገርና የማሸጊያውን ሁኔታ ይመልከት፤ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤቱም ያንብብለት። ይልቁንም መድኃኒት ለሕፃን ሳይሰጥ በፊት ይህን ማድረግ አይዘንጋ።