ሱቅ ለማደስ የማፍረሻው ወጪ እንዴት እንደሚገመት

በአሶሳ ከተማ አሮጌ ሱቁን ለማደስ የተነሣ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ነው፤ የማፍረሱን ነገር ግን «የሁለት ቀን የጉልበት ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጣሪያው ከተነሣ በኋላ ወጪው ሲበዛ፣ ለሸቀጥ ማምጫ ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ማንሣት ግድ ይሆናል። ሸቀጡ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለሚመጣለት ባለሱቅ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ግምቱ የሚጀምረው በሜትር ነው። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 5፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የጭቃ ቤት፣ በርና መስኮቱ ሳይቀነስ፣ 66 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 13 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ሲፈርስም ስለሚላላ ወደ 17 ሜትር ኩብ ይደርሳል። 5 ሜትር ኩብ የሚጭን መኪና አራት ጊዜ መመላለሱ ነው። የሠራተኛውን የቀን ሒሳብ በጥንቃቄ የቆጠረ ሰው እንኳ ይህን የመኪና ኪራይና የጫኙን ዋጋ ሲረሳው ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ግምቱን የሚያዛባው ምስጥ ነው። በዚህ አገር ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ግድግዳ፣ ውስጡ ያለው ቋሚና ሽመል ተበልቶ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገር በፊት በየማዕዘኑና በየበሩ አጠገብ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ጭቃውን መፋቅ፣ እንጨቱንም በመሮ መውጋት ይገባል። መሮው ያለ ችግር ከገባ ቋሚው አብቅቶለታል። የተበላው ሁለት ሦስት ቋሚ ብቻ ከሆነ እነርሱን ለውጦ ግድግዳውን ማትረፍ ይቻላል፤ ብዙው ከተበላ ግን ሰው ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ድጋፍ ማቆም ያስፈልጋል፤ የድጋፉም እንጨት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ግማሹን አፍርሶ ግማሹን ማስቀረት፣ ለሚፈርሰው ካሬ ሜትር ሲታሰብ፣ ሁሉን ከማፍረስ የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከጎረቤት ሱቅ ጋር የጋራ ግድግዳ ካለ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል።

ከፍርስራሹ የሚተርፈውም ዕቃ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ ብረቱ ከውጭ የሚገባው ቆርቆሮ እንደ ቀድሞው የሚናቅ አይደለም። ለሒሳብ ያህል አንድ አፍራሽ 30,000 ብር ጠይቆ ዕቃውን ለባለቤቱ ቢተው፣ ሌላው 12,000 ብር ጠይቆ ዕቃውን ቢወስድ፣ ርካሹ ሁለተኛው ይመስላል። ነገር ግን 18 ደኅና ቆርቆሮ እያንዳንዱ በ600 ብር፣ በርና መስኮቱም በ12,000 ብር ቢሸጥ 22,800 ብር ይገኛል፤ የፊተኛው ወጪ 7,200 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው። ዕቃው የማን እንደሆነና ሚስማሩ በጥንቃቄ እንዲነቀል በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በጥድፊያ የተገነጠለ ቆርቆሮ ገዢ የለውም።

ማፍረስም እንደ መሥራት ሁሉ የከተማው ፈቃድ የሚያስፈልገው ስለሆነ ይህን አስቀድሞ መጨረስ፣ መብራቱንም በባለሙያ ማስቋረጥ ያሻል። ጊዜው ከኅዳር እስከ መጋቢት ቢሆን ይመረጣል፤ ከግንቦት በኋላ ክፍት የቀረ ግድግዳ አንድ ሌሊት በጣለ ዝናብ ጭቃ ሆኖ፣ ሊፈርስ ያልታሰበውም አብሮ ይወርዳል።