መማር የሚጠናው የት ነው?

በትምህርት ሥነ ልቦና ዶክትሬቱን ለመሥራት የተነሣ ሰው ገና የጥናት ሐሳቡን ሲያረቅ አንድ የቆየ ክርክር ይጠብቀዋል። ሰው እንዴት እንደሚማር የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ነው ወይስ በሚማርበት ቦታ?

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሲሠራ፣ ድመቶች ከተዘጋ ሣጥን ለመውጣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ ለካ። የትምህርት ሥነ ልቦናም ፈተናና ስታቲስቲክስ ይዞ በዚሁ የልኬት መንገድ አደገ። ጆን ዲዊ ግን ሁለት ዓመት ቀድሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ልጆች ምግብ ሲያበስሉና እንጨት ሲሠሩ እንዴት እንደሚማሩ ይከታተል ነበር።

የቶርንዳይክ መንገድ ለረጅም ዘመን በረታ። በኋላ ሚዛኑን ካነቃነቁት ጥናቶች ሁለቱ የተሠሩት በላይቤሪያ ነው። የቫይ ሕዝብ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚማረው የራሱ ፊደል አለው። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በዚህ ምክንያት የንባብን ውጤት ከትምህርት ቤት ውጤት መለየት ቻሉ። በ1981 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ፊደል መቁጠር ብቻውን አስተሳሰብን በጠቅላላው እንደማይለውጥ አሳየ፤ የሚያጎለብተው ጽሕፈቱ የሚውልበትን ችሎታ ነው። ጂን ሌቭ ደግሞ ልብስ ሰፊዎችን አጠናች። ጀማሪው ቁልፍ ከመትከልና ጠርዝ ከመቀምቀም ይነሣል፤ መቀስ የሚይዘው መጨረሻ ላይ ነው። የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል፤ ተሳስቶ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም።

የመማር ሳይንስ የሚባለው ዘርፍ በ1991 የራሱን መጽሔት ጀመረ። በዓመቱ አን ብራውን፣ ተመራማሪው ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ከመምህሩ ጋር እየነደፈ፣ እየሞከረና እያሻሻለ የሚያጠናበትን መንገድ አስተዋወቀች። እሷ ራሷ የትውስታ ጥናትን በቤተ ሙከራ የጀመረች ነበረች።

ቤተ ሙከራው ምክንያትን ከምክንያት ይለያል፤ የመማሪያው ቦታ ደግሞ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያስተምራል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

እኛ ዘንድ ቦታው ሞልቷል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። በዜማ ቤት ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል። በሽመና ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይለምዳል። ዶክትሬትዎን የሚሠሩ ወጣት ተመራማሪ ሆይ፣ መጠይቅ ከመበተንዎ በፊት ከእነዚህ በአንዱ ዘንድ ቁጭ ብለው ይመልከቱ፤ ጥያቄዎን የሚያገኙት እዚያ ነው።