ከቅባቱ በፊት

ፔምፊገስ የሚባለው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ነው። ሰውየው በርበሬ የነካው ወጥ መጉረስ ያቅተዋል። ድዱና የጉንጩ ውስጥ ይላጣል፣ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያቃጥለዋል። የጥርስ ነው ተብሎ ጥርስ ሐኪም ጋ ይሄዳል፤ መጉመጥመጫ ይሰጠዋል፤ አይሽርለትም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ካለፉ በኋላ ደረቱና ጀርባው ላይ ውኃ የቋጠሩ ስስ እብጠቶች ይወጣሉ። ልብስ ሲነካቸው ይፈርጣሉ፣ ከሥራቸው ቀይ ሥጋ ይታያል፣ ጋቢው ገላው ላይ ይጣበቃል። ያኔ አንዱ ጎረቤት አልማዝ ባለጭራ ነው ይላል። ሌላው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ያመጣል።

ጎረቤት የሚፈርደው በሚያውቀው ነውና አይወቀስም። አልማዝ ባለጭራም ውኃ ይቋጥራል። ነገር ግን እሱ የሚወጣው በአብዛኛው በአንድ ወገን ብቻ፣ የአንድን ነርቭ መስመር ተከትሎ፣ እየለበለበ ነው። የሰውነትን መሐል አልፎ ወደ ሌላው ጎን አይሻገርም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ደርቆ ይረግፋል። ፔምፊገስ ግን ወገን አይመርጥም፣ በራሱም አያቆምም።

ይህን ሕመም ከውጭ የገባ ተዋሲያን አያመጣውም። የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ባዕድን እንዲዋጉለት የሚሠራቸው አንቲቦዲዎች የገዛ ቆዳችንን እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲነሡበት የሚመጣ ነው። ዒላማቸው ዴስሞግሌይን ይባላል፤ የላይኛውን ቆዳ ሴሎች እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች በኖራ እንደተያያዙ እናስብ። ፔምፊገስ ድንጋዩን ሳይነካ ኖራውን ይበላዋል። ሴሎቹ በሕይወት እያሉ ይላቀቃሉ፣ በተላቀቁበት ክፍተት ፈሳሽ ይሞላል። የአፍን ውስጥ ሥጋ በዋናነት የሚያያይዘው ዴስሞግሌይን 3 የተባለው ዓይነት ስለሆነ፣ አንቲቦዲው በእሱ ላይ ሲነሣ ቀድሞ የሚላጠው አፍ ነው። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአንድ መሶብ መብላት፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛት፣ ቁስሉን ማጠብ ማንንም አያስይዝም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ከቁስሉ ይልቅ ብርጭቆው ተለይቶ መቀመጡ የሚያመው ሕመምተኛ አለና።

አንቲቦዲዎቹ በሕመምተኞች ደም ውስጥ መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳዩት በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ኧርነስት ቦይትነርና ሮበርት ጆርደን ናቸው። ከዚያ በፊት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያለዝቡት የስቴሮይድ መድኃኒቶች መጥተው ነበር፤ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ ሳይታወቅ ሰው መዳን ጀመረ ማለት ነው። ስቴሮይድ ባልነበረበት ዘመን ፔምፊገስ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞት ነበር። የተላጠ ቆዳ እሳት እንዳቃጠለው ቆዳ ፈሳሽ ያስወጣል፣ ለመመረዝም በሩ ክፍት ነው፤ አፉ የቆሰለ ሰው ደግሞ በልቶ አቅሙን መመለስ አይችልም።

ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚላከው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከማራኪ በባጃጅ የሚደርሰውም፣ ከዳባትና ከደባርቅ በአውቶቡስ የሚወርደውም፣ ከጃናሞራ ገደል ለገደል ተጉዞ የሚመጣውም መዳረሻው ይኸው ነው። የዚህ ተቋም አነሣስ ከወባ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያና በጣና ዙሪያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ የቆዳ ሐኪም ከሚገለገልባቸው ነገሮች ሁለቱ ደግሞ በዚያው በወባ ምክንያት የመጡ ናቸው። አንደኛው ቀለም ነው፣ ሌላው ክኒን።

ቀለሙ ጊምሳ ይባላል። ጉስታቭ ጊምሳ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1904 የወባን ጥገኛ ተዋሲያን በደም ውስጥ ለማየት ያዘጋጀው ነው። የወባ ምርመራ በሚደረግበት ላቦራቶሪ ሁሉ ይገኛል። አርኖ ዛንክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1947 ይህንኑ ቀለም ውኃ ለቋጠረ ቆዳ አዋለው። አሠራሩ ቀላል ነው። ገና ያልፈረጠ አዲስ እብጠት ይመረጣል። ጣራው በምላጭ ይከፈትና ፈሳሹ በጋዝ ይጠረጋል። ከዚያ የምላጩ ደንደስ ደም ሳያወጣ ወለሉን ቀስ አድርጎ ይፍቃል። የተፋቀው ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ሜታኖል ይነከራል፣ ጊምሳ ይፈስበታል፣ በውኃ ይታጠባል። ፔምፊገስ ከሆነ በማይክሮስኮፑ ሥር ክብ ክብ ያሉ፣ እምብርታቸው የገዘፈ፣ ከጎረቤቶቻቸው ተለያይተው ብቻቸውን የቀሩ ሴሎች ይታያሉ። አልማዝ ባለጭራ ከሆነ ደግሞ ብዙ እምብርት የተጨናነቀባቸው ግዙፍ ሴሎች ይመጣሉ። ጎረቤቶቹ የተከራከሩበት ጉዳይ በዚያው ቀን አንድ እርከን ይፈታል።

የመጨረሻው ዳኛ ግን ባዮፕሲ ነው። ሐኪሙ ሁለት ቁራጭ ይወስዳል። አንዱ ከአዲስ እብጠት ጠርዝ ይቆረጥና ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ከእብጠቱ አጠገብ ካለ ጤነኛ ከሚመስል ቆዳ ነው፤ ይህን ፎርማሊን ያበላሸዋል፣ ስለዚህ በተለየ ፈሳሽ ተይዞ ነው የሚላከው። በሚያበራ ቀለም ተነክሮ በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ሲታይ አንቲቦዲዎቹ በሴሎቹ መካከል እንደ አረንጓዴ መረብ ተዘርግተው ይገኛሉ። ይህ መሣሪያ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። በሌለበት ቦታ የፓቶሎጂ ባለሙያው በተራው ማይክሮስኮፕ የሚያየው መላቀቅና የሐኪሙ ዓይን ተደምረው ይወስናሉ።

ያው ምላጭና ያው ጊምሳ በሰሜን ጎንደር ደጋ ሌላ ሥራም አለባቸው። ቁንጭር በገደል ሥር ለሚኖረው ሰው የቆየ ባላጋራው ነው። የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ ይባላል፤ በ1973 እ.ኤ.አ. በአገራችን ስም የተሰየመ ጥገኛ ተዋሲያን ነው። ማደሪያው በቋጥኝ ስንጥቅ የምትኖረው ሽኮኮ ናት፤ ከእርሷ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ናት። ቁስሉ አፍንጫ፣ ጉንጭና ከንፈር ላይ ይወጣል፤ ብዙም አያምም፤ ሲቆይ ይሰፋል። አንዳንዴ ቀይ ሆኖ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ሲዘረጋ ሉፐስ ከሚባለው ሕመም ለመለየት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ከቁስሉ ጠርዝ በምላጭ ጥቂት ተፍቆ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው። ተዋሲያኑ ከታየ ትንሹን ቁስል በቅዝቃዜ በማቃጠል፣ የሰፋውን ደግሞ በመርፌ ወይም በሚዋጥ መድኃኒት ማከም ይቻላል። በጎንደር ሆስፒታል የሌይሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ፤ ይበልጥ የሚታወቀው ከመተማና ከሑመራ በረሃ በሚመጡ፣ ሌላ የሌይሽማኒያ ዓይነት በሚያመጣው ካላዛር በተያዙ ሕሙማን ነው።

ቁንጭር አንዳንድ ሰው ላይ ቦታ ሳይወሰን ፊትን፣ ክንድንና እግርን በእብጠት ይሞላል። እነዚህ ሰዎች የመከላከያ ሥርዓታቸው ይህን ተዋሲያን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ፔምፊገስ የያዘው ሰው ደግሞ ጠላት በሌለበት እየተዋጋ ነው። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ክኒን አንደኛውን ከሞት ይመልሰዋል፤ ለሌላው ቢሰጥ የደከመውን መከላከያ ይበልጥ አድክሞ ቁስሉን ያሰፋበታል። በዓይን ብቻ አይቶ መድኃኒት መስጠት እዚህ ላይ ነው የሚያስፈራኝ።

ይህን የማነሣው የስቴሮይድ ቅባት ያለ ማዘዣ ከየመድኃኒት መደብሩ ስለሚገዛ ነው። ማሳከክንና መቅላትን ቶሎ ያበርዳል፣ ሰውም ተሻለኝ ይላል። ጭርት ላይ ሲቀባ መልኩ ተለውጦ ሐኪም እንኳ የማይለየው ይሆናል። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይወጣበታል፣ ብጉር ያፈላል። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ የሚያየው በሽታውን ሳይሆን ቅባቱ የሠራውን ነው። በእኔ እምነት በዚህ አካባቢ ብርቅ የቆዳ ሕመሞች ሳይታወቁ ከሚቆዩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፣ በመደብሩ ጠረጴዛ ላይ ሊታረም የሚችልም ነው።

ከላይ ሉፐስን ጠቀስኩት፤ እሱም እንደ ፔምፊገስ የመከላከያ ሥርዓቱ በገዛ አካሉ ላይ ሲነሣ የሚመጣ ሕመም ነው። በቆዳ ላይ የሚወጣው ዲስኮይድ ሉፐስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያዘወትራል። ጉንጭ፣ የጆሮ ውስጥና የራስ ቅል ላይ ክብ ሆኖ ይወጣል። ሲቆይ መሐሉ ነጥቶ ዳሩ ይጠቁራል፣ ፀጉር የነበረበትም ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። የሚቀሰቅሰው ፀሐይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች፣ ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ በየሺው ሜትር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ሰው ፀሐዩ የሚጎዳው አይመስለውም። ከማሳ ወይም ከገበያ ተመልሳ ፊቷ የቀላ ሴት ምች መታኝ ብትል ፀሐዩን መጠርጠሯ ልክ ነው፤ ያልተነገራት ፀሐዩ የቀሰቀሰው ሌላ ነገር መኖሩን ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውድ ነው። ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና በደንብ የተከናነበ ነጠላ ግን እጅግ ይረዳሉ።

የሉፐሱ ክኒን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከወባ መድኃኒቶች ወገን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወባ መከላከያ መድኃኒት የሚወስዱ ወታደሮች የቆዳ ሕመማቸውና የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ሲሻል ታየ፤ ከዚያ ተነሥቶ የሉፐስ መሠረታዊ ሕክምና ሆነ። ቶሎ አይሠራም፣ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ለዓመታት ሲወሰድ የዓይንን ውስጥ ሊጎዳ ስለሚችል መጠኑ በክብደት ይለካል፣ የዓይን ምርመራም ይታዘዛል። ሐኪሙ ሽንትም ያስመረምራል፤ አብዛኛው ዲስኮይድ ሉፐስ ቆዳ ላይ ቢቀርም፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ዓይነት ኩላሊትን ሲነካ መጀመሪያ የሚያስታውቀው በሽንት ነውና።

ለምጽ ደግሞ የመከላከያ ሥርዓቱ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። አካል አይቆርጥም፣ አይተላለፍም። ከሥጋ ደዌ ጋር መደባለቁ ግን ስንቱን ከትዳር፣ ስንቱን ከማኅበር አስቀርቷል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቁራጭ ጥጥ ይበቃል ለማለት ይቃጣኛል። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሐኪሙ ጥጡን አሹሎ ንጣቱን በጫፉ ይነካዋል፤ ሕመምተኛው የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። የለምጽ ንጣት እንደ ወተት የነጣ ሆኖ ስሜቱ ሙሉ ነው። የሥጋ ደዌ ምልክት ጨርሶ አይነጣም፣ ደብዘዝ ይላል፤ ጥጡ ሲነካውም አይሰማም ወይም ቦታውን ይስታል። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት የሚድን፣ መድኃኒቱም በነፃ የሚሰጥ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ዛሬ ሌሎች የቆዳ ሕመሞችም የሚታከሙበት፣ የቆዳ ሐኪሞችም የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል ሆኗል።

ወደ ፔምፊገስ ሕክምና ልመለስ። ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር መጠኑ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ሳንባ ይታያል፣ የኤች አይ ቪና የስኳር ምርመራ ይደረጋል፣ ዓይነ ምድር ይመረመራል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል በእኛ አገር አለ፤ ጤነኛ ሰው ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ ይኖራል፣ ስቴሮይድ ሲጀመር ግን ተራብቶ ሰውነትን ሊወርር ይችላል። ከስቴሮይዱ ጋር አዛታዮፕሪን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ይታከላል፣ የስቴሮይዱ መጠን ቶሎ እንዲቀንስ። አንቲቦዲ የሚሠሩትን ሴሎች ምንጭ የሚያደርቀው ሪቱክሲማብ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ለፔምፊገስ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚቀመስ አይደለም።

ፕሬድኒሶሎን ጠዋት፣ ምግብ ተበልቶ ነው የሚወሰደው። እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ክኒኑን በባዶ ሆዱ ይውጠዋል ወይም ይተወዋል፤ ሁለቱም ይጎዱታል። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ስለማታስገድድ ከነፍስ አባት ጋር ተነጋግሮ የሚፈታ ነገር ነው፣ ሐኪሙም አስቀድሞ ሊጠይቀው ይገባል። ጸበል ለመግባት ሱባኤ የሚይዝም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ለሳምንታት ስቴሮይድ የወሰደ ሰው አካሉ የራሱን ኮርቲዞል መሥራት ስለሚያቆም፣ ክኒኑ ድንገት ሲቋረጥ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጠኑ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። በመካከል ቢታመም ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው፣ ይህን መድኃኒት እንደሚወስድ የተጻፈበትን ወረቀት ኪሱ ይዞ፣ የሚያክመውን ሁሉ አስቀድሞ ያሳይ።