የማይሰማ እግር፦ የደም ስኳር መዋዠቅና የነርቭ ጉዳት

ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ጉልህ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከመጠን ያለፈው የደም ስኳር ነርቮችንና እነርሱን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። ጉዳቱ ከረጃጅሞቹ ነርቮች ስለሚጀምር አስቀድሞ የሚታወቀው በእግር ጣቶች ነው። በመጀመሪያ መደንዘዝና ሌሊት የሚብስ የማቃጠል ስሜት ይኖራል፤ ውሎ አድሮም ስሜቱ ይጠፋል። የሕመሙን መጥፋት እንደ መዳን የሚቈጥሩ ምእመናን አሉ፤ ነገር ግን ነርቩ ሥራውን የማቆሙ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስሜት ያጣ እግር እሾህ ቢወጋው፣ ፍም ቢያቃጥለው ባለቤቱን አያስጠነቅቅም። ቁስሉ ሳይታወቅ ያመረቅዛል፤ ሕክምናው ከዘገየም እግርን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ጫማችንን አውልቀን በቤተ መቅደስ የምንቆም፣ በባዶ እግር ወደ ገዳማት የምንጓዝ እኛን ይህ ነገር በእጅጉ ይመለከተናል።

የደም ስኳር ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ከፍና ዝቅ እያለ መዋዠቁም አደጋ አለው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ማስጠንቀቂያዎቹ ናቸው። በሽታው የቆየበት ሰው ግን እነዚህ ምልክቶች ሊደበዝዙበት ስለሚችሉ በቅዳሴ መካከል በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ጾሙን ፈትቶ አብዝቶ ሲመገብ ደግሞ ስኳሩ ወደ ላይ ይወጣል።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሜትፎርሚን ለረጅም ዘመን ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ ጾም የሚያዘወትር ታማሚ እጥረቱ ይበረታበታል። እጥረቱም በራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ ስለዚህ ምርመራ እንዲደረግለት ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ታሳርፋለች። ስለሆነም የንስሐ አባቶች የስኳር ሕሙማን ልጆቻቸውን ከጾም በፊት ሐኪም እንዲያማክሩ፣ ጠበል ሲጠመቁም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ይምከሩ። ሰበካ ጉባኤያትም የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ብዙ እግር ይተርፋል፦

• ቅጽሩን ከእሾህና ከስባሪ ጠርሙስ ማጽዳት፤ ሕሙማን በቤተ መቅደስ ንጹሕና ወፍራም ካልሲ እንዲለብሱ መፍቀድ፤
• ሕሙማን በየምሽቱ ውስጥ እግራቸውን እንዲመለከቱ፣ ማየት ለሚሳነውም ቤተሰቡ እንዲያይለት ማስተማር፤
• ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የእግር ምርመራ ማስደረግ፤
• በጽሕፈት ቤቱ ስኳር ማስቀመጥ። ስኳሩ ዝቅ ላለበት፣ ራሱን ላልሳተና መዋጥ ለሚችል ሰው በውኃ በጥብጦ መስጠት፤ ራሱን የሳተውን ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ።